ድንቡሽን ከኋላ የገፋው

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከገደል ውስጥ እየወጣ ሜዳውን ሲውጥ በሚውልበት አገር፣ እመት ጦጢት የምትባል እናት ነበረች። ያለችው አንድ ልጅ ነው፤ ድንቡሽ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሆዱ ነው፤ ገና ጥርሱን አብቅሎ ሳይጨርስ እንደ ዱባ ከብዷል። የጦጣ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው የምትሄደው፤ ዞር ብላ ማየት የሚባል ልማድ የላትም። ለምን ትዞራለች? መኖሩን ክብደቱ ይነግራታላ!

ታዲያ በዚያ ክረምት ጦጢት ከቅርንጫፍ ወድቃ ወገቧ ተጎዳ። ሾላው ያፈራው ደግሞ ከሜዳው ማዶ ነው። ልጇን ትታ ብትሄድ ማን ይጠብቅላታል? ካልሄደች ደግሞ ሁለቱም በረሃብ ማለቃቸው ነው።

ይህን የሰማ አያ ቀበሮ አንድ ቀን ካርቶን እየጎተተ ከዛፏ ሥር መጣ።

«እመት ጦጢት፣ ወገብ የሚያሳርፍ ነገር አምጥቼልሻለሁ» አላት።

«ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባለ ሦስት ጎማ የሕፃን ብስክሌት። ሾላው ላይ ስትወጪ ለእኔም ትንሽ ታራግፊልኛለሽ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብለሽ ነው?»

ቀበሮ ያለ ነገር ቸር እንደማይሆን ጦጢት አጥታው አይደለም። ግን የቸገረው ምን ያደርጋል? ካርቶኑን ዘነጣጠለችና ሥራ ጀመረች። ብሎኖቹን እንደ ዘመዶቿ ልማድ ጉንጯ ውስጥ ጠቀጠቀቻቸው፤ ከዚያ አንድ በአንድ እያወጣች ታጠብቃለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ መቀመጫውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙራ ገጥማው ነበር። ፈታችና እንደገና ገጠመችው።

ቀበሮ በጎኑ ተጋድሞ ያስረዳል።

«ይኸውልሽ፣ ይቺ ብስክሌት ሁለት ጸባይ አላት። ይህን ነጭ የብረት ዱላ ከኋላ ስትሰኪው የፊት ጎማው የሚታዘዘው ለዱላው ብቻ ነው። ልጁ መሪውን ቢያዞር፣ ፔዳሉን ቢረግጥ በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ምንም አያመጣም። ሲያድግልሽ ዱላውን ትነቅይዋለሽ፤ ያኔ መሪውም ፔዳሉም የእሱ ይሆናል። እስከዚያ ግን ጌታዋ ዱላውን የያዘ ነው። ገባሽ?»

«እምም» አለች ጦጢት፣ በብሎን የተሞላ ጉንጯን እያንቀሳቀሰች።

«ማንም ይያዘው ማን ማለቴ ነው።»

«እምም! እምም!»

አይ ጦጢት! እጇ እንጂ ጆሮዋ እዚያ አልነበረም። ድንቡሽን አስቀምጣ ቀበቶውን ስታስርለት፣ ልጁ መሪውን ይዞ በደስታ ሲያሽካካ፣ ቀበሮ ብድግ ብሎ ሄደ። የሄደው ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ አልነበረም። እሷ ግን ልብ አላለችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ወፈረ። ጦጢት ጎንበስ ብላ መግፋት ስላልቻለች ወደ ሾላው እንድትገፋላት ጎረቤቷን ለመነቻት። ጎረቤቷ እትዬ ጉሬዛ ትባላለች፤ ድምፀ ለስላሳ፣ ደግ ሴት ናት። እሷ ዱላውን ይዛ ትገፋለች፤ ጦጢት ደግሞ ከፊት ከፊት እየሄደች ጉድጓድ እንዳይኖር መንገዱን በእንጨት ትነካካለች። አንድ ክንድ ወደፊት አይታይም። ከኋላዋ የምትሰማው የጎማውን ድምፅ ብቻ ነው፦ ጢው... ጢው... ጢው...

መካከል ላይ እንደደረሱ እትዬ ጉሬዛ ጮኸች። «ውይ! እሾህ ወጋኝ! ቆዪኝ እስቲ!»

ጦጢት ቆመች። አልዞረችም። ትንሽ ቆይቶ፣ «ወጣልኝ፣ ሂጂ» የሚል ድምፅ ሰማች። ጎማውም ጢው... ጢው... አለ። ሄደች።

«እትዬ፣ አልደከመሽም?» አለች ጥቂት እንደተራመዱ።

«ወጣልኝ፣ ሂጂ።»

ጦጢት ሳቀች። አልሰማችኝም ማለት ነው ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ድንቡሽ ተኛ ወይ?»

«ወጣልኝ፣ ሂጂ።»

ያው ድምፅ ነው። ለስላሳነቱ ያው፣ መጎተቱ ያው። ጦጢት ግን የጀርባዋ ጠጉር አንድ በአንድ ሲቆም ተሰማት። እንዲሁ ፈራች፤ ምን እንደፈራች አታውቅም። ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ክብደት የለበትም፤ ማንም ምንም አይነግራትም።

«እትዬ... ስሜን ጥሪኝ እስቲ።»

ጎማው ጢው ጢው ጢው እያለ ወደ ግራ ታጠፈ፣ ወደ ገደሉ በኩል። ፈጠነም። ከሩቅ የድንቡሽ ድምፅ መጣ፦ «እማ! እማ!»

ያኔ ነው ጦጢት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ያለችው። ከኋላዋ ጉም ብቻ ነበር።

ወገቤ የለ፣ ምኔ የለ፣ እየወደቀች እየተነሣች በድምፁ ሮጠች። ከገደሉ አጠገብ ካለው ዳገት ጫፍ፣ አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ስትደርስ አየችው። አያ ጅቦ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ነጩን ዱላ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ልጇን ወደ ጨለማው ይገፋል። እሷን ያንሰፈሰፋት ግን ጅቡ አልነበረም፤ ልጇ ነበር። ድንቡሽ ድምፅዋን ወደሰማበት፣ ወደ እናቱ፣ መሪውን ባለ በሌለ ጉልበቱ አዙሮ ይዞታል። መንገዱን ሁሉ ሲያዞረው ነው የመጣው። ጎማው ግን አይሰማውም።

ልትጮህ ፈለገች፤ ዋጠችው። ከጅብ ጋር ትግል ምን ያደርግላታል?

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች።

ጅቡ አንገቱን አዞረ። «ወጣልኝ፣ ሂጂ» አለ በጉሬዛ ድምፅ። ከዚያ በራሱ ድምፅ ገለፈጠ። «ቀበሮ ነግሮኝ ነው። ዱላውን የያዘ ጌታ ነው ብሎኛል። ያዝኩት!»

«ልክ ነው፣ ይዘውታል። እኔ የመጣሁት ለልጁ አይደለም፣ አዝኜልዎት ነው።» ድምፅዋን አጠነከረችው። «ቀበሮ ቅልጥሙን ደብቆዎታል።»

«የምን ቅልጥም?»

«የያዙት ምን መሰለዎት? እስቲ ያሽትቱት። እንዲህ ነጭ፣ እንዲህ ረጅም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ነገር ምን አለ? የዝሆን ቅልጥም ነው እንጂ! ቀበሮ ማታ መጥቶ መቅኔውን ሊመጠው ነው።»

የጅቡ ምራቅ መሬት ነካ። «ብነቅለው ልጁስ ያመልጠኛል?»

«ታስሮ የለም እንዴ? የታሰረ የት ይሄዳል?»

ጅብ አሰበ ቢባል ውሸት ነው። ዱላውን በጥርሱ ነከሰና መንጭቆ ነቀለው። ከብስክሌቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«ድንቡሽ! ወደ እማ! ና ወደ እማ!»

የፊት ጎማው ድንገት ታዘዘ። ፔዳሉ ያዘለት። ልጁ የተጣመመውን መሪ እንደያዘ ቁልቁል ተንደረደረ፤ ጉሙን ቀዶ በቀጥታ እናቱ እቅፍ ውስጥ ገባ። እሷም ከብስክሌቷ ኋላ ተንጠለጠለችና ሁለቱም ዳገቱን ወረዱ። ከላይ ጅቡ ብረቱን ሲቆረጥም ይሰማል፤ ኋላም ጥርሱ ተሰብሮ ሲያላዝን ተሰማ። ታች የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ስትደርስ ቀበቶውን ፈትታ፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ እስከ ጫፍ ወጣች። እዚያ ነው ያለቀሰችው።

ትንሽ ቆይቶ ከጎኗ ካለው ቅርንጫፍ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ «ጦጢት...» የሚል ለስላሳ ድምፅ መጣ።

«እዚያው ቁሚ! እጅሽን አሳዪኝ!»

ከጉሙ ውስጥ አንድ ጥቁር እጅ ወጣ። አውራ ጣት የለውም፤ የጉሬዛ እጅ እንዲህ ነው። ጦጢት አፈፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይቅር በይኝ» አለች እትዬ ጉሬዛ እየተንሰቀሰቀች። «እሾሁን ነቅዬ ቀና ስል ጅቡ ዱላውን ይዞታል። ዛፍ ላይ ዘለልኩ። ልጮህልሽ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ጠፋ።»

«ድምፅሽማ ከእኔ ጋር ነበር፣ እትዬ» አለቻት ጦጢት። «መንገዱን ሁሉ ሲያዋራኝ ነበር።»

ሦስቱም ተቃቀፉ። ጉሙ ከሥራቸው ይንፏቀቃል። ድንቡሽ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ ከዛፉ ግርጌ አንድ ነገር ቀስ ብሎ፣ በለስላሳ ድምፅ፣ «ወጣልኝ፣ ሂጂ» አለ። እትዬ ጉሬዛ በሁለት እጇ የራሷን አፍ ያዘች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጅ መሪ ስለጨበጠ መንገዱን የሚመርጠው እሱ እንዳልሆነና፣ ከኋላው የሚገፋውንም ድምፁን ሰምተን ከማመን ይልቅ ዞር ብለን በዓይናችን ማየት እንዳለብን ነው።