የልብስ ሰፊው የመንገድ ዳር ክፍል

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ። ቆይ፣ አታቋርጪኝ ፀዳለ። «ባንኩ ሁለት ዓይነት የቤት ብድር አለ ብሎኛል፣ የቱን ልውሰድ ጋሼ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። መልሱ እዚሁ ሰውዬ ላይ ስላለ ነው።

ይህ ሰው ድሮ በአንዲት የገበያ ከተማ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተት አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። አከራይ በተቆጣ ቁጥር የስፌት መኪናውን ተሸክሞ መውጣት ነው። በመጨረሻ ሁለት ክፍል ያላት፣ አንደኛዋ ክፍሏ ወደ መንገድ የምትከፈት ቤት ለሽያጭ ቀረበች። ያጠራቀመው ገንዘብ የዋጋዋን ሩብ እንኳ አይሞላም። «ይቺ ካመለጠችኝ ልጆቼ በሰው ግቢ ድምፃችሁን ቀንሱ እየተባሉ ሊያድጉ ነው» እያለ ይብሰለሰል ጀመር።

አበዳሪ ሁለት ተገኘ። አንዷ ፊቷ የማይፈታ፣ አንደበቷ መራራ የሆነ ቆዳ ነጋዴ ነበረች። «በየገበያው ቀን ይህን ያህል ታመጣለህ። ከዚያ ላይ ወለዴን አነሳለሁ፣ የተረፈው ከዋናው ይቀነስልሃል። በሰባት ዓመት ትጨርሳለህ። ከበደኝ ብለህ ደጄ ላይ እንዳታለቅስ!» አለችው። ልብስ ሰፊው አሰላው። ያንን እየከፈለ ለልጆቹ የሚተርፈው ሽሮ ብቻ ነው።

ሌላው ባለጠጋ የእህል ነጋዴ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ። ጉዳዩን ሲሰማ «ምነው አበልጄ፣ እኔ እያለሁ እዚያች ሴትዮ ደጅ?» ብሎ ተቆጣ። «ወለድ አገድ እናድርገው። የመንገድ ዳሯን ክፍል ለእህሌ መጋዘን ትሰጠኛለህ፣ እኔም ወለድ የሚባል አልጠይቅህም። እስከ አሥር ዓመት ማን ያስጨንቅሃል?»

ወለድ አገድን ታውቂዋለሽ? የአያቶቻችን ውል ነው። ባለገንዘቡ በመያዣው ይጠቀምበታል፤ ጥቅሙ የወለዱ ምትክ ነው። ዋናው ብድር ግን አይነካም፣ እንዳለ ይቀመጣል። ሚስትየው ነገሩ ከንክኗት «ለመሆኑ ዋናው የሚቀንሰው በምንድን ነው? እስቲ ጠይቀው» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! አበልጄን ‹ውሉን አስነብበኝ› ልበለው? ልታሰድቢኝ ነው? ሰውዬው ዓመት ከዓመት በክፍሌ እየተጠቀመ፣ ያ ሁሉ ከዕዳው ካልተቀነሰ ከምን ሊቀነስ ነው?» አላት። እሱ ማንበብ አይችልም ነበርና፣ ይነበብልኝም ሳይል ሽማግሎች በተሰበሰቡበት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ደስ የሚል ዘመን ነበር፣ እሱን አልክድሽም። ልጆቹ ተማሩ፣ ሚስቱ ደህና ለበሰች፣ እሱም የተቸገረ ዘመድ ሲመጣበት የሚሰጠው አላጣም። ከዋናው ግን አምስት ሳንቲም አልከፈለም። ለምን ብሎ? ክፍሏ እየከፈለችልኝ ነው ብሎ ያምናላ!

አሥረኛው ዓመት ሲገባ በግ አርዶ ጎረቤቱን፣ የንስሐ አባቱንና የውሉን ሽማግሎች ጠራ። አበልጁን ከሁሉም በላይ አስቀመጠው። ተበልቶ ሲያበቃ ብድግ አለና፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «አበልጄ፣ አንተ ነህ ሰው ያደረግኸኝ። ክፍሏ ዘጠኝ ዓመት ከፍላልኛለች፣ ዕዳዬ እንግዲህ አልቋል፤ የክፍሏን ቁልፍ በሽማግሎቹ ፊት መርቀህ ስጠኝ» አለው።

ባለጠጋው አልተቆጣም፤ ግራ ነው የተጋባው። «ዋናውን መቼ አመጣህልኝና?» አለ። ሰው ተልኮ ወረቀቱ መጣ፣ የንስሐ አባቱም አነበቡት። ክፍሏ በወለዱ ፋንታ፤ ዋናው በአሥር ዓመት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊከፈል፤ ካልተከፈለ ቤቱ ለባለገንዘቡ። «እንደገና ያንብቡልኝ አባቴ» አለ ልብስ ሰፊው። እንደገና አነበቡለት፤ ያው ነው። እንግዶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ወጡ። ሚስቱ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ብዬህ ነበር» አላለችውም፤ ብትለው ይሻለው ነበር።

አንድ ዓመት ቀረው። በአንድ ዓመት ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት ያምጣ? አፍሮ እየተሸማቀቀ ቆዳ ነጋዴዋ ጋ ሄደ። «አሁንማ ዓይንህ ደከመ፤ በምን ሰፍተህ ልትከፍለኝ?» ብላ መለሰችው። ዓመቱ ሲሞላ ቤቱ ከእጁ ወጣ። አበልጁ «ተከራይተህ ኑርባት» ቢለው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አራት ቤት ቀያየረ። የሞተውም በኪራይ ቤት ነው፤ የለቅሶው ድንኳን እንኳ የተተከለው አከራዩ ተለምኖ ነው።

እንግዲህ ፀዳለ፣ ይህን ልብስ ሰፊ ካንቺ ጋር አስተያዪው። «ሦስት ዓመት እፎይታ አለው፣ ወለዱን ብቻ ትከፍያለሽ» ያሉሽ ብድር የአበልጁ ብድር ነው። የወሩ ክፍያ ይቀልሻል፣ ዋናው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ኋላ ያንኑ በቀረው የብድር ዘመን ተሯሩጠሽ ትከፍዪዋለሽ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዋናውን የሚቀንሰው ሌላው ብድር ደግሞ የቆዳ ነጋዴዋ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ገቢሽ እንደሚጨምር እርግጠኛ ከሆንሽ እፎይታውን ውሰጂ፤ እያወቅሽ እስከገባሽ ድረስ ክፋት የለውም። እርግጠኛ ካልሆንሽ ከባዱን ያዢ። እሱንም ካልቻልሽው አነስ ያለ ቤት ፈልጊ።

ደግሞስ ወለዱ እንዳለ የሚቆይ ነው ወይስ መሀል ላይ የሚጨምሩት? በአምስተኛው ዓመት ከዋናው ስንት ይቀርሻል? የአንድ ወር ክፍያ ቢጎድልሽ ምን ይላል ውሉ? እኔ አላውቅም። የሚያውቀው ብድሩን የሚጨርስልሽ፣ ባንክ ቤት የሚሠራው የአክስትሽ ልጅ ነው። «ያላመንኩት እንዳይመስለው» ብለሽ እሱን ትተሽ፣ ወረቀትሽን ዓይቼው የማላውቀውን እኔን ትጠይቂኛለሽ። በይ ተነሺ፣ ሂጂና እሱን ጠይቂው። ከተቀየመም ይቀየም።