ፎጣ የተደረበበት ላፕቶፕ

«አንድ ተርጓሚ ነበረ፤ የመብራት መጥፋትን አብዝቶ የሚፈራ» አሉ ሽማግሌው መምህር።

ጥያቄ ይዞ የመጣው ሰው የአንዲት ልጅ አባት ነው። ልጅቱ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር፤ አባቷ ግን መንገዱን ፈርቶ አስቀራት። ከዚያ ወዲህ ከደጅም እንዳትወጣ ከልክሏታል። «መምህር፣ ስለ ልጄ መፍራቴ ጥፋት ነው?» ብሎ ነበር የጠየቀው። ስለ መብራት ያነሳው ነገር የለም። ቢሆንም ቁጭ ብሎ አዳመጠ።

ተርጓሚው አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ሻጩም «ባትሪው እንዲቆይልህ ሁልጊዜ ሰክተህ አትተወው፤ ሲሞላ ንቀለውና ሥራበት። ሙቀትም አይወድም» ብሎ መከረው። ተርጓሚው ራሱን ነቀነቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በሰፈሩ መብራት የሚሄደው ሳይናገር ነው፤ የሚመጣውም እንደዚያው። ደንበኛ ሥራውን እየጠበቀ ባትሪው ጎድሎ ቢገኝስ? ስለዚህ ሰካው፤ ከዚያ በኋላ አልነቀለውም። መቶ ከመቶ የሚለውን እያየ ልቡ ያርፍ ነበር።

አቧራም ፈራ። ሥራውን ባቆመ ቁጥር ላፕቶፑን ሳያጠፋ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል ያለብሰዋል። ዳንቴል ደግሞ ቀዳዳ አለው ብሎ ከላዩ ወፍራም ፎጣ ደረበበት።

አንድ ቀን ሚስቱ እጇን ፎጣው ላይ አሳረፈች። «አንተ፣ ይሄ ነገር ትኩሳት አለው።»

«ሙሉ ስለሆነ ነው።»

«ሕፃኑ ልጃችን እንዲህ ቢግል እስካሁን ሐኪም ቤት ነበርን።»

«አታሟርቺ» አላት።

ቆይቶ ባትሪው አብጦ የላፕቶፑ ሆድ ተነፋ። ክዳኑ አልገጥም አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡትም ይወዛወዝ ጀመር። ተርጓሚው ደነገጠ። የታየው ግን ሥራው ብቻ ነው። ጠፍጥፎ ሊመልሰው ትልቁን መዝገበ ቃላት አምጥቶ ከፎጣው ላይ ሊጭንበት አነሣ። ሕፃኑ እዚያው አጠገቡ ተኝቷል። ሚስቱ ከጓዳ ስትወጣ ከላፕቶፑ የሚወጣ የማታውቀው ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዋን መታው።

«አትጫነው» አለች በቀስታ፤ ጮክ ብላ መናገሩንም ፈርታለች።

«ካልተጫንኩትማ ይብስበታል።»

ሶኬቱን ነቀለች፤ ሕፃኑን አቀፈች፤ በሩን በሰፊው ከፍታ ወጣች። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን መሬት አስቀምጦ፣ ፎጣውን ገልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ባትሪው ባለበት በኩል አሳረፈና ወዲያው ሰበሰበው። እሱም ተከትሏት ወጣ። ግቢው ውስጥ ቆመው የተከፈተውን በር ያዩ ጀመር።

«ቤቱ ተቃጠለ?» አለ አባትየው።

«አልተቃጠለም። ሴትዮዋ ቀድማ ነቀለችው።» መምህሩ ወደ እሱ ዞሩ። «መፍራቴ ጥፋት ነው ወይ ብለኸኛል። አይደለም። መብራት መጥፋቱ እውነት ነው፤ አንተ የፈራኸው መንገድም ክፉ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተርጓሚው የውጩን ጨለማ ሲጠብቅ፣ ውስጥ ያለውን እሳት በገዛ ፎጣው ሸፍኖ ያሞቅ ነበር። ያንተ ባትሪ ልጅህ ናት። ስትገባ ምን አልከኝ? ድሮ ትከራከርህ ነበር፤ አሁን እህልም አትቀምስ፣ ቃልም አይወጣት፤ ረጋ ብላለች አልከኝ። እሷ አልረጋችም፤ ተነፍታለች። አንተ ደግሞ ለመስኮቷ ብረት እንዲሠራ በያጅ አዝዣለሁ አልከኝ። መዝገበ ቃላቱ ያ ብረት ነው።»

አባትየው መሬት መሬት አየ። «በያጁን ላስቀረው?»

«የበያጁ ይደርሳል። አሁን ከልጅቱ ጋር ማን አለ?»

«ማንም። ቆልፌባት ነው የመጣሁት።»

መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ። «እንግዲያው ምን ታዳምጠኛለህ? ሩጥ» አሉት።