የአህያዋ ጉልበትና የእርዱ ሥር

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በሚበዛበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ፣ አንዲት ያረጀች አህያ ትኖር ነበር። በወጣትነቷ ስትጋልብ ኮቴዋ መሬት አይነካም ይባልላት ነበር። አሁን ግን ቁርጥማት ጉልበቷ ውስጥ ጎጆ ቀልሶ ተቀምጧል። ጠዋት ስትነሣ መገጣጠሚያዋ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንቋቋል። ዳገት ገና ከሩቅ ስታይ ይደክማታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አያ ጅቦ ይህን ማወቁ ነው። በመንገድ ሲያገኛት ፊቷን ሳይሆን ጉልበቷን ያያል።

«እንደምን አደርሽ፣ እመት አህያ? ዛሬስ መሮጥ ትችያለሽ?» ይላታል፣ ምራቁን እየዋጠ።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ትለዋለች፤ እያነከሰች እንዳያያትም ጥርሷን ነክሳ ታልፋለች።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ጭቃ ይዟት፣ መነሣት አቅቷት ተንበርክካ ሳለች ጃርት አገኛት። ጃርት ወሬ አያበዛም፤ ሥር ሲቆፍር ይውላል፣ ከምድር በታች ያለውን ሁሉ በአፍንጫው ይለያል። ገፍቶ ደግፎ ካስነሣት በኋላ ዝንጅብል የመሰለ፣ ሲሰበር ውስጡ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ የሆነ ሥር ከፊቷ አኖረላት።

«እርድ ነው» አላት። «ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ በድንጋይ ውቀጪው። ከዱቄቱ ቁንጥር ታህል ከማርና ከጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጋር ለውሰሽ ጠዋት ጠዋት ላሺ።»

«ያድነኛል?»

«እኔ እንጃ። እናቴን አቅልሎላታል። ካበዛሽው ሆድሽን ያውከዋል፤ ካቋረጥሽው ደግሞ አይረዳሽም።»

አህያ እንደ ተባለችው አደረገች። የመጀመሪያው ሰሞን ምንም ለውጥ ስላላየች ጃርትን በሆዷ አማችው። ዝናቡ ጋብ ያለ ጊዜ ግን አንድ ማለዳ ሳታቃስት መነሣቷን አስተዋለች። ሕመሙ አልጠፋም፤ እንደ ጠገበ ውሻ ጥግ ይዞ ተኛ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ጃርት የቆፈረላትን ሥር እያደረቀች፣ ዱቄቱንና ማሩን በቅል እያደረገች ከመኝታዋ አጠገብ አስቀመጠች።

በዚያው ሰሞን የደኑ ንጉሥ አንበሳ በቁርጥማት ተይዞ ተኛ። አደኑን ተወ፤ ግሣቱም ማቃሰት ሆነ። እንስሳቱን ሁሉ አስጠርቶ «መድኃኒት የሚያውቅ ይናገር!» አለ።

ቀበሮ ማንም ሳይቀድመው ተነሣ። ከጅብ ጋር አስቀድመው ተማክረዋል፤ ሥጋው ለጅብ፣ ጉበትና ኩላሊቱ ለቀበሮ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ለቁርጥማት የአባቶቻችን መድኃኒት አንድ ነው፤ የአህያ ጉልበት መቅኔ! ትኩሱን ሲቀቡት ሕመሙ ደብዛው ይጠፋል። የሚተርፈውን ሥጋ እኛው እንደምንም እናነሣዋለን።»

«እንደምንም!» አለ ጅብ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከ።

የሁሉም ዓይን አህያ ላይ ዐረፈ። አንበሳው ቀስ ብሎ ጥፍሩን ሲያወጣ አየችው። ከዚያ ወደ ፊት ወጣች። አነከሰች፤ ማንከሷንም አልደበቀችም።

«ንጉሥ ሆይ፣ አካሄዴን አዩት?»

«አየሁት።»

«የጉልበቴ መቅኔ ቁርጥማት የሚያድን ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሜ ልኬን ይዤው ስዞር እኔን ለምን ይቆረጥመኛል?»

ከዛፍ ላይ ጦጣ ሳቀች። አንበሳው ግን አልሳቀም። አህያዋን ትኩር ብሎ አያት፤ ጥፍሩንም መለሰው።

«ታዲያ አንቺ በዚህ ዕድሜሽ በምን ኃይል ነው እስከዚህ የመጣሽው?»

አህያ ስለ እርዱ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። «ፈውስ ነው ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «ያቀልላል። ቶሎ ግን አይደለም፤ ጨረቃዋ ሞልታ እስክትጎድል ይታገሡ።»

«እታገሣለሁ። ካልረዳኝ ግን የቀበሮን ምክር እሰማለሁ» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ያችን «ግን» በልቡ ያዛት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቀበሮ አህያ ወንዝ ስትወርድ ጠብቆ ጅብን በክርኑ ጎሰመው። «መኝታዋ ግባና ዱቄቱንም ሥሩንም ወንዝ ውስጥ ጣለው። መድኃኒቱ ከሌለ አህያዋ የኛ ናት።»

«በጠራራ ፀሐይ? ሰው ቢያየኝስ?»

«ሥጋ ነው የምትፈልገው ወይስ ጥላ?»

ጅብ ገባ። ቅሉን ሲከፍት የማሩ ሽታ አፍንጫውን መታው። ቆም ብሎ አሰበ፤ ማሰብ ደግሞ ለጅብ መልካም ሆኖለት አያውቅም። «ቁንጥሩ ያረጀች አህያ ካቆመ፣ ሁሉንም ብበላው እኔስ አንበሳ አልሆንም?» አለ። ዱቄቱን ከነማሩ ሰለቀጠው፣ ሥሩን ቆረጣጠመው፣ በመጨረሻ ቅሉንም ላሰው።

አህያ ተመልሳ ባዶውን ቅል አየች። መሬቱን አሸተተች፤ ቅሉን ገለበጠችው፤ ከዚያ እዚያው ቁጭ አለች። ንጉሡ ገና አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰም። አዲስ ሥር ተቆፍሮ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ብዙ ካሰበች በኋላ ተነሥታ ወደ ንጉሡ ሄደች፤ የሆነውንም ሁሉ ነገረችው።

«አላልኩዎትም?» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ተሰረቀ አለች! ድሮስ መድኃኒት የሚባል ነገር የት ነበራት? ንጉሥን ለማታለል ነው እንጂ!»

አንበሳው እያቃሰተ ቆመ። ጩኸቱን ሰምተው የተሰበሰቡት እንስሳት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እነሱ ገለል ሲሉ፣ ከኋላቸው ሆዱን አቅፎ የተኮራመተው ጅብ ብቅ አለ። አፉን ወንዝ ወርዶ አሽቶ አሽቶ ታጥቦ ነበር፤ እርድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከንፈሩም ጢሙም ቢጫ ነበር።

አህያ አየችው፤ አልጮኸችም።

«አያ ጅቦ» አለች ለስለስ ብላ፣ «ጉልበትህን እንዴት አደረገህ? ተሻለህ?»

«ጉልበቴማ መቼ ታምሞ ያውቃል! ሆዴ ነው እንጂ! ያን ሁሉ እርድ...» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ።

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈነ። «አንተ ደደብ» አለ በሹክሹክታ።

«ወንዝ ውስጥ ጣለው አልከኝ እንጂ አትብላው መቼ አልከኝ!» ብሎ ጅብ በሙሉ ድምፁ ጮኸበት።

ከዚያ ወዲያ ምስክር የሚፈልግ አልነበረም። ጅብን ሆዱ ፈረደበት፤ ፍርዱን ሳይሰማ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ፤ ከዚያም ቶሎ አልወጣም። ቀበሮ ሊያፈገፍግ ሲል አንበሳው ጅራቱን ረገጠው።

«አንተ ከጃርት ጋር ሥር ትቆፍራለህ» አለው። «ቅሉ እስኪሞላ ድረስ። ጃርት ከተናደደ ደግሞ እሾሁን አትርሳ።»

ቅሉ ሞላ። አንበሳውም ጠዋት ጠዋት ከአህያ ጋር ቁንጥር ታህል እርድ በማር እየላሰ፣ እንዳዘዘችው ፀሐይ ላይ ጉልበቱን እያሞቀ ሰነበተ። መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ለመደው። ጨረቃዋ ሞልታ ስትጎድል ማንም ሳይደግፈው ወንዝ ወርዶ ውኃ ጠጣ። እንደ ድሮው አልዘለለም፤ ግን በራሱ እግር ወርዶ በራሱ እግር ተመለሰ።

ሲመለሱ አብራው ቀስ ብላ ወደምትራመደው አህያ ዞር አለ።

«እመት አህያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቅሉን ባዶ ሆኖ ያገኘሽው ዕለት እንደምቆጣ ታውቂ ነበር። ለምን አልሸሸሽም?»

«በየትኛው ጉልበቴ፣ ንጉሥ ሆይ?» አለችው።

አንበሳው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ መድኃኒት በልኩና በትዕግሥት ለወሰደው ሕመሙን እንደሚያቀልልለት፣ በስግብግብነት ለሰለቀጠው ግን እሱ ራሱ በሽታ እንደሚሆንበት ነው።