ያልተሰደበው ልብስ ሰፊ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ፤ ግራ እግሩ ከልጅነቱ የሰለለ፣ በምርኩዝ የሚሄድ። አንተ ሊቀመንበር፣ «አንድ እጇ የሌላትን ልጅ መረብ ኳስ ክለባችን አስገባናት፣ ማሊያ ሰጠናት፣ ክፉ የተናገራት የለም፤ ታዲያ ለምን ቀረች?» አልከኝ አይደል? እንግዲያው አድምጥ።

ይህ ልብስ ሰፊ የገና በዓል በቀረበ ቁጥር አንድ ነገር ያምረው ነበር፤ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ሜዳ ወርዶ በቆልማማው ዱላ ሩር የሚሏትን የእንጨት ኳስ መለጋት። እነሱ ግን ዓመት በመጣ ቁጥር ዛፍ ሥር አስቀምጠው «አጨብጭብልን» ይሉታል። አንድ ዓመት ማጨብጨቡ ሰለቸውና በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው ዱላውን ይዞ ሜዳው መሃል ገባ። የእሱ ወገን የላይ ሰፈር አለቃ አንድ ባለጠጋ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ቆም ብሎ አያስብም። «ማንም እንዳይነካው፤ ሩሩ እሱ ዘንድ ሲደርስ መንገድ ልቀቁ» ብለው ሁለቱንም ወገን አዘዙ።

ከዚያማ ምን ልበልህ። ልብስ ሰፊው ሩሩን በነካ ቁጥር የታች ሰፈር ጎረምሳ ሁሉ ጅብ እንዳየ አህያ ይበተናል። አንዱ ሳይገፉት ይወድቃል። ዳር የሚጠብቀው ሰውዬ ደግሞ ሩሩ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀ አጠገቡ ሲያልፍ፣ ባዶ እግሩን ቆሞ የጫማ ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ልብስ ሰፊው ሩሩን ስቶ መሬት ሲመታ «ጎበዝ፣ ነፋሱ ነው» ይሉታል። ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም።

እንዲያም ሆኖ ላይ ሰፈር ተሸነፈ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ ደንቡ የአሸናፊዎቹ የግጥም ስድብ ተጀመረ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና፣ ባለጠጋው ራሳቸው በቦርጫቸው ተገጠመባቸው። ልብስ ሰፊው የቅርጫ ሥጋ እንደሚጠብቅ ሰው ተራውን ጠበቀ። ሲደርሱበት «ወንድማችን፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ዘለሉት።

ቤቱ ገብቶ አኮረፈ።

«የተሰደበው እየሳቀ ገባ፤ አንተ ሳትሰደብ ታኮርፋለህ?» አለችው ሚስቱ። «ከቸገረህ እኔ ልስደብህ።»

«ያንቺማ የዘወትር ነው፤ አይቆጠርም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዘለሉኝ እኮ። አልነበርኩም ማለት ነው። ነገም ከዘለሉኝ ይቺን ዱላ ምድጃ ክተቻት» አላት።

በማግስቱ ለታች ሰፈር አንድ ባለወፍጮ ተሰለፈ። ገበያ ውሎ ስለነበር ትእዛዙን አልሰማም። ልብስ ሰፊው ሊመታ ዱላውን ሲያነሳ፣ ከምርኩዙና ከእግሩ መሃል ሩሩን ፈልቅቆ ወሰደበት፤ እግረ መንገዱንም ደህናውን ቅልጥሙን በዱላ አቀመሰው። ሰው ሁሉ ወደ ባለጠጋው ዞረ። ባለወፍጮው ምኑም ሳይገባው ዞሮ ገጠመበት፦

«የመርፌ ቀዳዳ አይስትም ሲሉት፣
ጡጫ የሚያህል ሩር እያየ ነጠቁት።»

ባለጠጋው ዱላቸውን አነሱ። «አንተ ግፈኛ፣ እግዜርን አትፈራም?»

«ይተዉት፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው። «ስድቡ የእኔ ነው።» እንባው እስኪወርድ ስቆ ለባለወፍጮው መለሰለት፦

«የሰው እህል ቆንጥሮ ዱቄት የለበሰ፣
ሩሩንም እንደ እህል ዘርፎ ገሰገሰ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀንም ተሸነፉ። ልብስ ሰፊው ቤቱ ገብቶ ሱሪውን ሰብስቦ ያበጠውን ቅልጥሙን ለሚስቱ አሳየ። ቅቤ ልትቀባለት ስትነሳ «ተይው፣ ሰው ይየው» አላት።

እንግዲህ ልጅቷ ልብስ ሰፊው ናት፤ አንተም ባለጠጋው። ሌላዋ ስታረፍድ ሜዳውን ዙሪያ ታስሮጣታለህ፤ እሷ ስታረፍድ ፈገግ ትላለህ። ኳስ ስትስት ታጨበጭብላታለህ። ማሊያ አልብሰህ ዛፍ ሥር አስቀመጥካት እኮ። ነገ ሂድና በሯን አንኳኳ። አበባ አትያዝ፤ ንግግር የሚሉትን ነገርህንም እቤትህ ተወው። «ልምምድ ቀርተሻል፤ የት ነበርሽ?» ብለህ ተቆጣት። መልሳ ከሰደበችህ ቻለው፤ ሊቀመንበርም በጨዋታ አይቆጣም።