ንጉሥ ያደረበት ቤት

ግቡ፣ ግቡ፤ ብዙም አላመለጣችሁም። አያ ቸኮል ማደሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ከወንዙ ሽቅብ የሚመጡትን መንገደኞች እየጠራ ነው። «ወደዚህ፣ ወደዚህ፤ ንጉሥ ያደረበት ቤት ይኸው» ይላል። ንጉሥ ግን አላደረበትም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ወንዙ ድልድይ ሳይኖረው፣ መንገደኛ ውሃው እስኪጎድል ሰው ቤት በሚከርምበት ጊዜ፣ ይህ አያ ቸኮል የታወቀ ሰነፍ ነበር። እጁ ሰነፍ፣ እግሩ ሰነፍ፣ ምላሱ ብቻ ጎበዝ። ቤቱን የወረሰው ከአያቱ ነው። አያትየው የሠሩት ለበቅሎዎቻቸው ነበር። አንድ ክረምት ዝናብ ያባረራቸው ነጋዴዎች ከበቅሎዎቹ ጎን ገብተው አደሩ። በሁለተኛው ክረምትም መጡ። በሦስተኛው ክረምት በቅሎዎቹ ወጡና ሰው ቀረ። የቤቱ ታሪክ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልቴት ማደሪያ ነበራቸው። የእንግዳ እግር ያጥባሉ፣ ትኩስ የምስር ወጥ ያቀርባሉ፣ ጣራቸው አያፈስም። መንገደኛው ሁሉ ወደሳቸው ነው።

«አያ ቸኮል፣ ሣር አጭደህ ጣራህን ክደን እንጂ» ይሉታል እትዬ ጥሩወርቅ። «ሰው ቤት የሚገባው እኮ ዝናብ ሸሽቶ ነው።»

ቸኮል አሰበበት። ሣር ማጨድ ወገብ ያማል። ማውራት ግን የትም አያምም። በማግስቱ «የንጉሡ አያት ለዘመቻ ሲያልፉ እኔ ቤት አድረዋል፤ እዚችው አልጋ ላይ» ብሎ አስወራ። ከዚያ ወዲያ የእትዬ ጥሩወርቅ ወጥ ይቀዘቅዝ ጀመር።

መጀመሪያ አንድ የጨው ነጋዴ መጣ። ገና ጋደም ከማለቱ ግንባሩ ላይ ጠብ አለበት።

«ኧረ ቤትህ ያፈሳል» አለ።

«አያፈስም። አያትየው ንጉሥ በዚያ ቀዳዳ ኮከብ ያዩ ነበር። ደፍኜ ታሪክ ላጥፋ እንዴ?»

ነጋዴው አፈረ፤ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። አገሩ ሲገባም ስለ ዝናቡ ትንፍሽ አላለም። ንጉሥ ካደረበት ማደሩን ብቻ አወራ።

ቀጥሎ አንድ ደብተራ መጣ። ሲያክ አድሮ ሲያክ ነጋ።

«ቁንጫው ጨረሰኝ፣ አንተ ሰው።»

«ቀስ ብለው ይከኩ፣ አለቃ። የነዚህ ቁንጫዎች ቅድመ አያቶች የንጉሥ ደም የጠጡ ናቸው።»

ደብተራው በጣቱ ይዞት የነበረውን ቁንጫ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

በሦስተኛው አንድ ዝምተኛ ሰው በበቅሎ መጣ። ስለ ጣራው አልተናገረ፣ ስለ ቁንጫው አልተናገረ። ጠዋት ሊሄድ ሲል ብቻ ጠየቀ።

«እውነት የንጉሡ አያት እዚህ አድረዋል?»

«አድረዋል።»

«እዚች አልጋ ላይ?»

«እዚችው ላይ።»

«እስቲ ማል።»

ለዚያ ምላስ መሐላ ምኑ ይከብዳል? «ንጉሥ ይሙት» አለ ቸኮል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በንጉሥ ስም የማለ ሰው ቃሉን መልሶ አይውጥም። በሐሰት ምሎ ከተገኘ ምላሱ ይቆረጣል። ቸኮል ደግሞ ከምላሱ በቀር ምን አለው?

ሰውየው ለካ የንጉሡ እልፍኝ አስከልካይ ኖሯል። በሦስተኛው ሳምንት ጭፍራ አስከትሎ፣ የአጥር እንጨት አሸክሞ ተመለሰ።

«ደስ ይበልህ» አለው። «ንጉሡ ሰምተው እንባቸው መጣ። አያቴ በተኛበት አልጋ ነጋዴ አይተኛ፣ ደብተራ አይከክ ብለዋል። ቤቱ ከዛሬ ጀምሮ ታጥሮ ይከበራል። ጠባቂው አንተ ነህ።»

«እኔስ የት ልደር፣ ጌታዬ?»

«ደጅ ነዋ። የንጉሥ አልጋ ላይ ልትወጣ ኖሯል ሐሳብህ?»

«አይ፣ ማለቴ... አያቴ ይህን ቤት ሲሠሩት ምናልባት ለበቅሎ...»

«ምናልባት ምን? ምለሃል አልማልክም?»

ቸኮል የሰውየውን ጎራዴ አየ። ምላሱን በጥርሱ ዳሰሳት። አለች።

«ምያለሁ» አለ።

አጥሩ ታጠረ፤ በሩ ተዘጋ። እልፍኝ አስከልካዩ በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ ዞር ብሎ፣ «የኮከብ ማያዋን ቀዳዳ እንዳትነካ። ታሪክ ናት» አለው።

ሰባት ቀን ሙሉ ዘነበ። ቤቱ ውስጥ የሚያፈሰው ማንም በማይተኛበት አልጋ ላይ ነው፤ ደጅ የሚወርደው ግን ሁሉም ቸኮል ላይ ነው። መንገደኞች አጥሩን እያዩ «እንዴት ያለ የተከበረ ቤት ነው» ይሉና ማዶ ይሻገራሉ። የምስር ወጡ ሽታ ይመጣል።

እንግዲህ ያዙት፤ ትልቅ ሰው ቤትህ በውሸት ካስገባህ፣ በእውነት አታስወጣውም።

በስምንተኛው ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ቸኮል ውሃ እየተንጠባጠበ መንገዱን ተሻገረ። ከእትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ቆመና ጎንበስ ብሎ «ቤቶች፤ የመሸበት የእግዜር እንግዳ» አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ የእግር ማጠቢያውን ገበታ ይዘው ብቅ አሉ። ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ግባ፤ የእግዜር እንግዳ ከደጄ አይመለስም» አሉት። «ቁንጫዎቹን ግን እዚያው አራግፋቸው። የኔ ቤት ለቤተ መንግሥት ሰዎች አይመጥንም።»