ሳፋ ላይ የሚስቀው ሰውዬ

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህችን ወግ የሚያወራልኝ ልብስ እያጠበ፣ በሳቅ እየፈረሰ ነበር።

አንዲት ሠዓሊ በየቤቱ ተሰቅሎ የኖረውን የድሮ የሳሙና ማስታወቂያ ካላንደር አስመስላ ሣለችው። ሳፋ ላይ አጎንብሳ ልብስ እያጠበች በምትስቀው የካላንደሩ ሴት ቦታ ግን ከረባት ያሰረ ባል አስቀመጠች። ዐውደ ርእዩን ሊመርቁ የመጡት ሹም ሥዕሉን ሲያዩ ተቆጡ።

«ይህ ውሸት ነው። የትኛው ወንድ ነው ልብስ ሲያጥብ እንዲህ የሚስቅ? እስከ ነገ አንድ ፈልገሽ አምጪልኝ፤ አለዚያ ሥዕልሽ ይወርዳል።»

«እሺ ጌታዬ» አለች ሠዓሊዋ። «የካላንደሩ ሴት ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስትስቅ ኖራለች። እርስዎ እሷን ያምጡልኝ፤ እኔ ደግሞ ባሏን አመጣለሁ።»

ሹሙ አጠገባቸው ወደቆሙት ሚስታቸው ዞሩ።

«እኔን አይዩኝ» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔ ሳፋ ላይ ስቄ አላውቅም።»