የገብረየስ ክሮች

አንድ አስናቀ የሚባል ሽማግሌ የፀሐይ ተመራማሪ ነበር። ከጓደኛው ከገብረየስ ጋር፣ የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ እየለየ ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ተራራ አናት ላይ የሠሩት ገና ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ ነው። ያ ጊዜ እንዴት ደግ ነበር! አንዱ መስታወት ሲወለውል ሌላው ያንጎራጉራል፤ ምሳቸውን እንኳ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት።

አንድ ቀን ምስሉ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን የእሳት ክሮች ያዩ መሰላቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው አሉ። የምስሉ አንዷ ነጥብ የምትሸፍነው የዚያን ግማሽ ስለሆነ፣ መሣሪያችንም እስከዚያ ድረስ አጥርቶ ያያል ብለው አመኑ። ገብረየስ በደስታ አለቀሰ። ሲሞትም ክሮቹ በስሙ ተጠሩ።

ከዓመታት በኋላ ሳምራዊት የምትባል አዲስ ኃላፊ መጣች።

"ጋሽ አስናቀ፣ ይሄ መሣሪያ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ ተፈትኖ ያውቃል? ነጥብ መቁጠር እኮ ማየት አይደለም" አለችው።

"በምን ይፈተናል ልጄ?"

"በጨረቃ። በዚህ ሳምንት ፀሐይን በከፊል ትጋርዳለች። የጨረቃ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። ምስሉ ላይ ከደበዘዘ፣ ያደበዘዘው መሣሪያችን ነው ማለት ነው።"

ቀኑ ደረሰና አስናቀ ምስሉን ራሱ ለካው። ጠርዙ በፀሐይ ላይ ሲሰላ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ደብዝዟል። ልቡ ስብር አለ። ሁለት ሺህ የማይለይ መሣሪያ አንድ ሺህን ከየት አምጥቶ ይለያል? ሳምራዊት ምሳ ወጥታለች፤ ቁጥሩን አሳንሶ ቢጽፍ የሚያውቅበት አልነበረም። የጓደኛው ሳቅ ትዝ አለው። ገብረየስን ክፉኛ ናፈቀው። ብዕሩን አንሥቶ "ሁለት ሺህ" ብሎ ጻፈ።

ሳምራዊት ተመልሳ ስታነበው ደነገጠች።

"ክሮቹስ ጋሼ?"

"አንድ ይሁኑ ሁለት በዚህ መሣሪያ አይታወቅም። ስሙን ፋቁት። እኔ የማውቀው ገብረየስ ባልተረጋገጠ ነገር ከሚጠራ ባይጠራ ይሻለዋል።"

ወዳጆቼ፣ የምንወደውን ሰው የምናከብረው ያየውን ሁሉ እውነት ነው እያልን አይደለም፤ እሱ ይወደው የነበረውን እውነት እኛም ስንወድለት ነው። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለምትወዱት ሰው ስትሉ ሳትፈትኑ የያዛችሁት ነገር የለም?